የፊደል እህቶች፣ የዶርም እህቶች
ዩኒቨርሲቲ የገባች ልጅ እህት የምታገኝበት መንገድ ታሪክ

በሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ሶሮሪቲ የሚባል ነገር የለም። በሩ ላይ የግሪክ ፊደል የተሰቀለበት የሴት ተማሪዎች ቤት አናውቅም። ነገር ግን አዲስ የገባች ልጅ አንድ ስብስብ ውስጥ የምትገባበት፣ ወይም ከሁሉም ውጪ የምትቀርበት መንገድ ሁልጊዜ ነበረ። እኛ ተመራቂዎች ስንገናኝ ስለ መምህራኖቻችን፣ ስለ ፈተናውና ስለ ካፌው ምግብ እናወራለን። ስለዚያ መንገድ ግን ብዙም አናነሳም።

ነገሩን እንዳስብ ያደረገችኝ አሜሪካ ኮሌጅ የገባችው የእህቴ ልጅ ናት። «አክስቴ፣ ልመዝገብ ወይስ ይቅርብኝ?» ብላ ከዚራ ድረስ ደወለችልኝ። ሐኪም ነኝ እንጂ የታሪክ ሰው አይደለሁም፤ ቢሆንም መልስ ከመስጠቴ በፊት ማንበብ ነበረብኝ።

የዚህ ነገር ሥር ሩቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1851 በጆርጂያ ግዛት፣ ሜከን ከተማ በሚገኝ የሴቶች ኮሌጅ አዴልፊያን የሚባል የምስጢር ማኅበር ተቋቋመ፤ ዛሬ አልፋ ዴልታ ፓይ ይባላል። በ1870 ደግሞ በኢንዲያና ካፓ አልፋ ቴታ ተመሠረተ። ስለ መሥራቿ ስለ ቤቲ ሎክ የሚተረክ አንድ ነገር አለ። የወንዶቹ ማኅበር ባጁን እንድታደርግ ፈቀደላት፣ አባል አድርጎ ግን አልተቀበላትም። እሷም «እንግዲያውስ የራሳችንን እናቋቁማለን» የሚል መንገድ መረጠች። ጊዜው ሴት ልጅ ኮሌጅ መግባቷ ራሱ እንደ ድፍረት የሚቆጠርበት ነበር፤ ስለዚህ ማኅበሩ መጠለያም ጭምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902 ማኅበራቱ በአባላት ሽሚያ መጣላት ሲያበዙ ቺካጎ ላይ ተሰብስበው የጋራ ጉባኤ አቋቋሙ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ነው ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው፤ ከዚራም እንደ ሰፈር መቆርቆር የጀመረው።

አገባቡ እንዲህ ነው። ልጅቷ ትመዘገባለች፣ ክፍያም ትከፍላለች። ከዚያ ለተከታታይ ቀናት በቡድን በቡድን ሆነው ቤቶቹን ይዞራሉ። መጀመሪያ ሁሉንም በአጭሩ፣ ቀጥሎ ጥቂቶቹን ረዘም አድርገው፣ በመጨረሻም አንድ ወይም ሁለቱን ብቻ። በየዙሩ እሷ ቤቶቹን በምርጫዋ ቅደም ተከተል ትጽፋለች፣ ቤቶቹም ልጆቹን። ሁለቱ ዝርዝር በኮምፒውተር ይገጣጠማል፤ «የጋራ ምርጫ» ይሉታል። እያንዳንዱ ቤት የሚቀበለው ቁጥር በኮታ የተወሰነ ነው። በመጨረሻው ቀን የጥሪ ካርድ ይሰጣታል፤ ከተቀበለች ለሳምንታት የማኅበሩን ታሪክና ደንብ ተምራ በምስጢራዊ ሥርዓት አባል ትሆናለች። መዋጮ አለ፣ የስብሰባ ግዴታም አለ፣ ነጥቧ ከተወሰነ በታች ከወረደም ችግር አለ። ዝርዝሯን የሚያማክሯት ትልልቅ ተማሪዎች ለዚያ ጊዜ ያህል ከራሳቸው ቤት ይለያሉ፤ ወደ ቤታቸው እንዳይስቧት ነው።

በወረቀት ሲያዩት ፍትሐዊ ይመስላል። ግን ማን ጥሩ ልብስ አላት፣ የማን እናት አባል ነበረች፣ የማን ሳቅ ያምራል የሚለው ለአሥር ደቂቃ ወሬ የሚተው ነገር አይደለም። ለብዙ አሥርት ዓመታት ደግሞ የነጮቹ ቤቶች ጥቁር ሴትን ጭራሽ አያስገቡም ነበር። ስለዚህም እ.ኤ.አ. በ1908 በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አልፋ ካፓ አልፋ፣ በ1913 ዴልታ ሲግማ ቴታ ተወለዱ። የዴልታ ሴቶች በአደባባይ የሠሩት የመጀመሪያ ሥራ በዚያው ዓመት ዋሺንግተን ላይ ለሴቶች የመምረጥ መብት በተደረገው ሰልፍ መውጣት ነው። ሃዋርድ ለእኛ ለሐኪሞች እንግዳ ስም አይደለም፤ ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና ተምረው በ1935 የተመረቁት እዚያ ነው።

ወደ ራሳችን ስንመለስ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ሴቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ጥቂት ስለነበሩ መራረጥ አያስፈልጋቸውም ነበር፤ አንድ ዶርም አንድ ማኅበር ነበር ማለት ይቻላል። በአደባባይ በአንድነት ለመታየት ሲሞክሩ ግን ምን እንደገጠማቸው የ1960 ዓ.ም. መጋቢት ይመሰክራል። በራስ መኮንን አዳራሽ ሴት ተማሪዎች የተሳተፉበት የፋሽን ትርዒት ሲደረግ ወንድ ተማሪዎች የባዕድ ባህል ወረራ ነው ብለው ተነሡ፤ ሴቶቹ ተሰደቡ፣ ተንገላቱ፣ ፖሊስም ገባ። ይህ ቀን በንቅናቄው ታሪክ ውስጥ የፀረ ኢምፔሪያሊዝም ትግል ሆኖ ሲነገር ኖሯል። ከሴቶች ዶርም መስኮት ሆኖ ያየው ሰው ታሪኩን በሌላ መንገድ ቢናገረው አይፈረድበትም። ስለ አለባበሳቸው ሲወሰን የጠየቃቸው የለም።

ከዚያ በኋላ የመግቢያው በር እምነት ሆነ። በ1983 ዓ.ም. ተማሪዎች ከየግቢው ተነሥተው ወደ ብላቴ የጦር ማሠልጠኛ ተወሰዱ። እዚያ በጸሎት የተሰባሰቡት ኦርቶዶክሳውያን ተማሪዎች በ1984 ዓ.ም. ለተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳን መነሻ ሆኑ፤ ግቢ ጉባኤም በየዩኒቨርሲቲው ተስፋፋ። ፕሮቴስታንቶቹ ፌሎሺፕ፣ ሙስሊሞቹ ጀመዓ አላቸው። አሠራራቸው ይመሳሰላል። ሲኒየሮቹ መናኸሪያ ድረስ ወጥተው ፍሬሹን ይቀበላሉ፣ ሻንጣ ይሸከማሉ፣ የሬጅስትራሩን ሰልፍ ያሳያሉ። ከዚያ የእንኳን ደህና መጣችሁ ፕሮግራም ይመጣል፤ ከዚያ «ቤተሰብ» ይመደብላታል። ነጥብ የሚሰጣት የለም፣ ካርድም አይጠበቅም። ብዙ ልጅ ያን የመጀመሪያ ሴሚስተር የተሻገረችው በእነዚህ እጆች ነው፤ ይህን ውለታ ማንም አይክድም። ግን በሩ ለእምነቱ ልጆች ነው። ቤተ እምነት የማታዘወትር፣ ወይም ከአንዱ ወደ ሌላው መካከል ላይ ያለች ልጅ የት ትሄዳለች?

የሚቀርላት ዶርም ነው። የኛ ዶርም ምደባ በስም ፊደል ነበር። አሜሪካኖቹ በግሪክ ፊደል ይሰባሰባሉ፣ እኛም በፊደል ተሰባሰብን፤ የኛን ግን የመረጠው የለም። የአርሲ ገበሬ ልጅ፣ የመርካቶ ነጋዴ ልጅና እኔ የድሬዋ በተደራራቢ አልጋ ተገናኘን። ከዚራ ያደገ ሰው በር ላይ ወንበር አውጥቶ፣ ከመንገደኛው ሁሉ ጋር «አቦ፣ ግባ እንጂ!» እየተባባለ ነው የሚኖረው፤ እነሱ መጀመሪያ እንደ እብድ አዩኝ። በሁለተኛው ወር ግን ስኳር በጋራ መግዛት ጀመርን። አናቶሚ ሲከብደን አንዷ እያነበበች ሌሎቻችን እያዳመጥን አደርን። አባቷ የሞተባትን ልጅ አገሯ ድረስ የሸኘናት ከኪሳችን አዋጥተን ነው። መሐላም ምስጢርም አልነበረንም፤ እስከ ዛሬ ግን ለሠርግም ለለቅሶም አንጠፋፋም።

እዚህ እኛ አገር ለዚህ ስም አለው፤ አፎቻ ይባላል። ከሐረር የመጣ ነው፤ ወንዶቹ የራሳቸው፣ ሴቶቹ የራሳቸው አላቸው። ሥራው ሠርግና ለቅሶ ነው፣ ዋናው ሀብቱ ግን መተዋወቅ ነው። ከልጅነት እኩዮች የሚሰባሰቡበት ሙጋድ ደግሞ አለ። አፎቻ ስትገባ መዋጮ ትከፍያለሽ፣ ስትጠሪ ትገኛለሽ፤ ካልተገኘሽ ትቀጫለሽ። ሴቶቹ ሲመጡልሽ ደግሞ እንዴት አድርገሽ እንደምትከፍይ አትጠየቂም። ከሶሮሪቲው ጋር የሚመሳሰልበት ይህ ግዴታ ነው። የሚለይበት ደግሞ የውበትና የጨዋታ ፈተና የሌለበት መሆኑ ነው፤ ዝምድናና ጉርብትና የሚቆጠርበት መሆኑን ግን አልደብቅም። የትኛውም ማኅበር በር አለው፤ በር ያለው ደግሞ ውጪ የሚያስቀረው ሰው አለው።

ለእህቴ ልጅ የነገርኳት ይህንኑ ነው። «ተመዝገቢ፤ ግን ካርዱ ባይመጣ የዶርምሽን ልጆች ስም ያዢ» አልኳት። ካርዱ መጣላት። አብራት የዞረችው የዶርሟ ልጅ ግን አልመጣላትም። ማታ ላይ ሁለቱ አንድ ላይ ፒዛ እንደበሉ ነገረችኝ፤ ከሰማሁት ሁሉ ደስ ያለኝ እሱ ነው።

ይህን የምጽፈው ግን ለእሷ ብዬ አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ ወደ ሕክምና ክፍሌ የሚመጡ የአንደኛ ዓመት ሴት ተማሪዎች አሉ። ራስ ምታት ይላሉ፣ ጨጓራ ይላሉ፣ እንቅልፍ አጣሁ ይላሉ። መርምሬ ምንም ሳጣ «ማታ ከማን ጋር ነው የምትበዪው?» እላለሁ። ብዙዎቹ ለጥቂት ጊዜ ዝም ይላሉ። ቤታቸው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀ አለ፤ የግቢውን ቋንቋ ገና የምትለምድ አለች። መድኃኒት ቤት የሚሸጥ ነገር አይደለም የጎደላቸው።

በየዩኒቨርሲቲው የሥርዓተ ፆታ ቢሮ አለ፣ ለሴቶች የማጠናከሪያ ትምህርትም ይሰጣል። ጥሩ ነው። እኛ የቀድሞ ተማሪዎች ልንጨምርበት የምንችለው ከዚያ ያነሰና የቀለለ ነው። በየከተማው ያለን ሴት ምሩቃን የእያንዳንዷን አዲስ ገቢ ስም ከማኅበራችን እንቀበል። አንዷ አንዷን በስልክ ታግኝ፣ በመጀመሪያው ወር አንድ ጊዜ ቤቷ ቡና ታጠጣት። ምርጫ አይኑርበት፤ እንደ ድሮው ዶርማችን በስም ፊደል ይመደብ። ድሬዳዋ የምትመደቡትን በእኔ ይጀመር፤ ከዚራ ቤቴ በረንዳ ላይ ወንበር አይጠፋም።