የሦስት እሑዶች እርቅ

ታሪክ የሚያነብ ወጣት ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ማን ዘመተ፣ ማን ድል አደረገ፣ ስንት ሰው ወደቀ የሚለውን ነው። እኔም በልጅነቴ እንዲሁ ነበርሁ። የጦርነቱን ቀን በቃሌ አጥንቼ ሳለሁ፣ በዚያው ቀን ያማጠች ሴት ነበረች ወይ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ዛሬ የምጽፍላችሁ ታሪክ ከዚህ ከተዘነጋው ወገን የሚነሣ ነው። ዘመኑን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስለ ጻፍሁት ልብ ብላችሁ አንብቡ።

ኤል ሳልቫዶር በመካከለኛው አሜሪካ የምትገኝ፣ ስፋቷ 21,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ትንሽ አገር ናት። ከ1980 እስከ 1992 መንግሥቱና በፋራቡንዶ ማርቲ ግንባር ስም የተሰበሰቡት ሸማቂዎች ተዋጉባት፤ 75,000 ያህል ሰውም አለቀ። የጥሉ ምክንያት ራሱን የቻለ ታሪክ ስለ ሆነ አሁን አልገባበትም። ምሬቱን ለማወቅ ግን ይህ ይበቃል፤ ማርች 24 ቀን 1980 ሊቀ ጳጳሱ ኦስካር ሮሜሮ በአንድ ሐኪም ቤት ጸሎት ቤት ውስጥ ቅዳሴ ላይ ሳሉ በጥይት ተገደሉ።

እንዲህ ባለ አገር ማን ደፍሮ የእርቅ ነገር ያነሣል? የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት፣ የዩኒሴፍ፣ የበላይ የነበሩት ጄምስ ግራንት ለፕሬዚዳንቱ ለሆሴ ናፖሊዮን ዱዋርቴ አንድ አሳብ አቀረቡ። ጦርነቱ ለዘለዓለም ይቁም አላሉም። ይህን ቢሉ ኖሮ የሚሰማቸው ባልተገኘ ነበር። ለጥቂት ቀን ተኩሱን ተዉትና ሕፃናቱን እንከትብ አሉ። በክትባት ሊቀር በሚችል በሽታ የሚሞተው ሕፃን በውጊያ ከሚሞተው እንደሚበልጥ አስረዱ። ሰው ሁሉ የጥይቱን ድምፅ ይሰማል፤ ኩፍኝ ግን ድምፅ የለውም። የሮሜሮን መንበር የወረሱት ሊቀ ጳጳስ አርቱሮ ሪቬራ ኢ ዳማስ በሁለቱ መካከል ቃል አመላላሽ ሆኑ፤ ሸማቂዎቹም እሺ አሉ።

ቀኑ እንዴት እንደ ተቆረጠ ሳነብ በጣም ተደነቅሁ። የልጅነት ልምሻ፣ የዘጊ አነዳ፣ የትክትክና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ለሕፃን አንድ ጊዜ ተሰጥቶ አይበቃም። ሦስት ጊዜ ይሰጣል፤ በመካከሉም ቢያንስ አራት ሳምንት ማለፍ አለበት። ስለዚህ እርቁም ሦስት ቀን ሆነ፤ ፌብሩዋሪ 3፣ ማርች 3 እና ኤፕሪል 21 ቀን 1985። ሦስቱም እሑድ ናቸው፤ ከመጀመሪያው እስከ ሁለተኛው ልክ አራት ሳምንት ነው። የጦር አለቆች በራሳቸው ሊቀጥሩት ያልቻሉትን ቀን የሕፃን ገላ ቀጠረላቸው። በረዶ የያዘው የክትባት ሣጥን በሁለቱም ወገን ወታደሮች ፊት አለፈ፤ ሩብ ሚሊዮን ያህል ሕፃናትም ተከተቡ። በእኛ አቆጣጠር ጥር 26፣ የካቲት 24 እና ሚያዝያ 13 ቀን 1977 ዓመተ ምሕረት ነበር። የእኛን 1977 የሚያስታውስ ሰው ግን የዚያ ዓመት ስም ሲጠራ ትዝ የሚለው ሌላ ነው።

ይህን ታሪክ በሰፈራችን ብዙ ልጅ በእጃቸው ለተቀበሉ አንዲት አዋላጅ እናት በደስታ አጫወትኋቸው። ዝም ብለው ሰምተው፣ «ደግ ሥራ ነው፣ ልጄ። ሰኞ ያማጠችውስ?» አሉኝ።

መልስ አጣሁ። «ክትባት ይቀጠራል፤ ምጥ አይቀጠርም» ብለው ወደ ቡናቸው ተመለሱ።

ከዚያ ቀን በኋላ ታሪኩን በሌላ ዓይን አነበብሁት። ነፍሰ ጡር ሴት የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ብትወስድ በማኅፀኗ ያለው ልጅ ጭምር ይጠበቃል፤ ይህ በቀጠሮ ይሆናል። ወልዳ ደም የሚፈሳት ሴት ግን ያለ ሕክምና በሁለት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። እርሷን የሚያድናት ክፍት መንገድ፣ የቆመ ድልድይ፣ በሌሊት የማይተኮስበት መኪና ነው። በሌምፓ ወንዝ ላይ የነበሩት ሁለት ታላላቅ ድልድዮች፣ የወርቅ ድልድይ የተባለው በኦክቶበር 1981፣ የኩስካትላን ድልድይ ደግሞ በ1984 መባቻ ፈርሰው ነበር። ያፈረሷቸው ሸማቂዎች ያሰቡት የመንግሥቱን ጦር መንገድ ለመቁረጥ ነው። ድልድይ ግን ወታደርንና አራስን ለይቶ አያሻግርም፤ ሲፈርስም ለይቶ አያስቀርም። ሦስቱ እሑዶች ድልድይ አልሠሩም። ከሦስተኛው እሑድ በኋላ አምስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በሴፕቴምበር 1985፣ የፕሬዚዳንቱ የራሳቸው ልጅ በሸማቂዎች ተጠለፈች።

ይህን የጻፍሁት እሑዶቹን ለማቃለል አይደለም። ጥቂት ቀን ብቻ ነው ብለው የነቀፉ ነበሩ፤ እኔ ግን ከነቃፊዎቹ ጋር አልቆምም። የተከተበው ሕፃን ሰኞም እንደ ተከተበ ነው፤ ጦርነቱ ቢመለስ ያን ሊነጥቀው አይችልም። ልማዱም አልቀረም፤ በኤል ሳልቫዶር እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ በየዓመቱ ተደገመ። በ1987 በሊባኖስም ለክትባት ሲባል ተኩስ ቆመ፤ በጎረቤታችን በሱዳን በ1989 እህልና መድኃኒት በሁለቱም ተዋጊዎች ግዛት እንዲያልፍ ስምምነት ተደረገ።

ጃንዋሪ 16 ቀን 1992 የኤል ሳልቫዶር ተዋጊዎች በሜክሲኮ ከተማ፣ በቻፑልቴፔክ ግንብ ሰላም ፈረሙ። በመጀመሪያው እሑድ በእናታቸው ክንድ ታቅፈው የተወጉት ሕፃናት ያን ጊዜ ሰባትና ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። የታሪኩን መጨረሻ ይዤ ወደ አዋላጇ ተመለስሁ። እርሳቸው ግን ስለ ፈራሚዎቹም ሆነ ስለ ግንቡ አልጠየቁኝም።

«መንገዱ በሌሊት ተከፈተ?» አሉ።

ከፌብሩዋሪ 1 ቀን ጀምሮ ተኩስ እንደ ቆመ ነገርኋቸው።