የፌሮ መቀጠያ እና ሙቀት

የፌሮ መቀጠያ፣ በግንባታ ሰዎች አጠራር ካፕለር፣ ሁለት የአርማታ ብረቶችን ጫፍ ለጫፍ የሚያገናኝ አጭር የብረት ቱቦ ነው። ዋነኛው ዓይነት በውስጡ ጥርስ የወጣለት ነው፤ የፌሮው ጫፍም በማሽን ጥርስ ይወጣለትና እንደ ብሎን ገብቶ ይጠብቃል። በማሽን ተጨምቆ ፌሮውን ነክሶ የሚይዝም፣ በግራውት (በቀጭን የሲሚንቶ ድብልቅ) የሚሞላም አለ።

በሸዋ ሮቢትና በሌሎች የይፋት ቆላ ከተሞች በብዛት የሚሠራበት ነባሩ ኦቨርላፕ ነው፤ ፌራዮው ሁለቱን ብረት አደራርቦ በሽቦ ያስራል። በዚህ ጊዜ ኃይሉ ከአንዱ ፌሮ ወደ ሌላው የሚተላለፈው በዙሪያው ባለው ኮንክሪት አማካይነት ነው። መቀጠያ ሲኖር ግን ሙሉ ኃይሉ በአንዲት ቱቦ ውስጥ ያልፋል።

የቆላው ሐሩር ብቻውን መቀጠያን አይጎዳም። ፀሐይ ላይ የተሰጣ 12 ሜትር ፌሮ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ቢጨምር የሚረዝመው 4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ መቀጠያውም ብረት ስለሆነ በዚያው ልክ ስለሚሰፋ ጥርሱ አይላላም። ጥንቃቄ የሚያሻው ግራውት ነው፤ በቀትር ከተሞላ ቱቦውን ሳያዳርስ ሊጠጥር ስለሚችል በማለዳ መሙላት ይሻላል።

እሳት ግን ሌላ ነው፤ የይፋቷ ከተማ አጣዬ በ2013 ዓ.ም. በግጭት ስትቃጠል ይፋት ይህን በቅርብ አይቶታል። በአውሮፓ የኮንክሪት ስታንዳርድ ስሌት፣ በትኩስነቱ የተዳመጠ ፌሮ እስከ 400 ዲግሪ ሴልሺየስ አቅሙን እንደያዘ ይቆያል። በ500 ዲግሪ 78 በመቶ፣ በ600 ዲግሪ 47 በመቶ፣ በ700 ዲግሪ ደግሞ 23 በመቶው ብቻ ይቀረዋል። በመቀጠያው ላይ የሚያሰጋው ጥርሱ ነው፤ ብረቱ ሲለሰልስ ጥርሱ ሊላጭና ፌሮው ከነጫፉ ተመዞ ሊወጣ ይችላል። በመጨመቅ የተያዘው ንክሻው ይላላል፤ ግራውቱም ይሰነጣጠቃል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን የኮንክሪቱ ሽፋን ነው። መቀጠያው ከፌሮው ይወፍራል። 20 ሚሊ ሜትር ፌሮ ላይ 32 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መቀጠያ ቢገባ በየጎኑ 6 ሚሊ ሜትር ያብጣል፤ ለፌሮው የታሰበው 25 ሚሊ ሜትር ሽፋን እዚያ ቦታ ላይ 19 ይሆናል። እሳቱ ቀድሞ የሚደርሰውም ወደዚያው ነው። ስለዚህ ስፔሰር (ሽፋኑን የሚጠብቀው መደገፊያ) ሲቀመጥ ሽፋኑ መለካት ያለበት ከመቀጠያው ጀርባ እንጂ ከፌሮው አይደለም፤ ስዕሉ ላይ በቁጥር ባይጻፍም።

ከቃጠሎ በኋላ ወደ ሮዝ የተለወጠ ኮንክሪት ሙቀቱ ከ300 ዲግሪ በላይ እንደደረሰ ይጠቁማል። ከ600 ዲግሪ በታች የሞቀ በትኩስነቱ የተዳመጠ ፌሮ ሲበርድ አብዛኛውን አቅሙን መልሶ ያገኛል። የመቀጠያው ጥርስ ግን በቱቦው ውስጥ ስለተደበቀ ጉዳቱ በዓይን አይለይም። ስለዚህ በቃጠሎ ውስጥ ያለፈ መቀጠያ፣ ናሙናው ተቆርጦ በላቦራቶሪ በመሳብ ሳይፈተን፣ እንደገና ጭነት ሊጫንበት አይገባም።