በቦታ ላይ የሚተው ማስታወሻ፦ ምንነቱና አጠቃቀሙ

ከሞጣ ወደ ዓባይ በርሃ ወርዶ በሰባራ ድልድይ በኩል ለመሻገር ያሰበ መንገደኛ፣ ድልድዩ የት እንደሚገኝ ማወቁ ብቻ አይበቃውም፤ ዛሬ ያሻግራል ወይ የሚለውን ማወቅ አለበት። በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት ይህ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ወቅት ተሰብሮ፣ ለረጅም ዓመታት ሰዎች በገመድ እየተሳቡ ሲሻገሩበት ኖሯል። እ.ኤ.አ በ2002 ተጠገነ፤ በ2005 ጎርፍ ጥገናውን ወሰደው፤ በ2009 ደግሞ በአካባቢው ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ቦታው አልተለወጠም፤ ስለ ቦታው የሚነገረው ግን ደጋግሞ ተለውጧል።

እንዲህ ያለውን ተለዋዋጭ መረጃ ከቦታው ጋር አያይዞ ለሚቀጥለው ሰው ማቆየት የሚያስችለው አሠራር በቦታ ላይ የሚተው ዲጂታል ማስታወሻ ነው። የስዊድን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ2001 ጂኦኖትስ የተባለውን ሥርዓት ይፋ አድርገው ነበር። እ.ኤ.አ በ2004 የተጀመረው ኦፕንስትሪትማፕ የተሰኘው ነፃ ካርታም ከ2013 ጀምሮ በማንኛውም ነጥብ ላይ ማስታወሻ መተው፣ ምላሽ መስጠትና ጉዳዩ ሲፈታ መዝጋት ያስችላል።

እንዴት ይሠራል?

ስልኩ ቢያንስ ከ4 ሳተላይቶች በሚደርሰው ምልክት ያለበትን ቦታ ያሰላል። ለዚህ የኔትወርክ መኖር ግድ አይደለም፤ ኔትወርክ የሚያስፈልገው ማስታወሻውን ለሌሎች ለመላክ ነው። ሰማዩ ገላጣ በሆነበት ስፍራ የአብዛኛው ስልክ ስህተት 5 ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ በገደላማ ሸለቆና ጥቅጥቅ ባለ ዛፍ ሥር ይጨምራል። ማሳዎች ጠባብ በሆኑበት ቀበሌ 5 ሜትር ነጥቡን ወደ ጎረቤት ማሳ ሊያሻግረው ይችላልና መዝጋቢው ከድንበር ርቆ መሐል ማሳ ላይ መቆም ይኖርበታል።

ለግብርና ያለው ፋይዳ

በኢትዮጵያ የአሠራሩ ጥቅም ጎልቶ ከሚታይባቸው መስኮች አንዱ የስንዴ ዋግ ቅኝት ነው። የዋግ ዘር በነፋስ ይጓዛል፤ እ.ኤ.አ በ2010 የተከሰተው ቢጫ ዋግ በአገሪቱ ከፍተኛ ጉዳት አድርሷል። የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ከዓለም አቀፉ የበቆሎና ስንዴ ማሻሻያ ማዕከል፣ ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና ከብሪታንያ የአየር ትንበያ ተቋም ጋር በዘረጋው የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት፣ ባለሙያዎች የሚያዩትን ምልክት ከማሳው መገኛ ጋር በስልክ ይመዘግባሉ፤ መረጃው ከነፋስ ትንበያ ጋር ተቀናጅቶ ስጋት ያለበትን አካባቢ ይጠቁማል። በቢቸና ዙሪያ ለሚገኝ የስንዴ አምራች፣ ማስጠንቀቂያው ጥቂት ቀናት ቀድሞ መድረሱ ኬሚካል በጊዜው በመርጨትና ምርት በማጣት መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ማስታወሻ ሲተው

• ቀኑ ይጻፍ፤ የኢትዮጵያ ይሁን የአውሮፓ አቆጣጠር ይለይ። በሁለቱ መካከል ከ7 እስከ 8 ዓመት ልዩነት አለ።
• ሰዓቱም ይለይ። ለእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሆነው በብዙ ስልኮች ላይ 9 ሰዓት ተብሎ ይመዘገባል።
• የታየው ብቻ ይጻፍ። «ቅጠሉ ላይ ቢጫ ዱቄት አለ» ማለት «ማሳው ጠፍቷል» ከማለት ይሻላል።
• ሁሉም በሚያየው ካርታ ላይ የባለማሳው ስምና ስልክ አይለጠፍ።
• ችግሩ ሲፈታ ማስታወሻው ይዘጋ።

የመጨረሻው በተለይ ሊዘነጋ አይገባም። «ድልድዩ ያሻግራል» የሚል የቆየ ማስታወሻ በክረምት ሙላት ሰውን ወደ አደጋ ይመራል። ስለዚህ አንባቢም ማስታወሻውን ከማመኑ በፊት ቀኑን ይመልከት፤ ከተጠራጠረም የአካባቢውን ነዋሪ ይጠይቅ።