ማነቃቂያው ሳይበራ፦ የኤሌክትሮድ ተከላ ብቻውን በፓርኪንሰን ሕሙማን አንጎል ላይ የሚያመጣው ለውጥ

በፓርኪንሰን ሕመምተኛ አንጎል ውስጥ ኤሌክትሮድ ከተተከለ በኋላ የሚታየው መሻሻል በአብዛኛው ለኤሌክትሪክ ማነቃቂያው ይሰጣል። ይሁን እንጂ መሣሪያው ገና ሳይበራ፣ አንድም ምት ሳይላክ፣ በቀዶ ሕክምናው ማግስት ግትርነቱ የሚላላለትና መንቀጥቀጡ ጋብ የሚልለት ታካሚ ጥቂት አይደለም። ሐኪሞች ማይክሮሌዥን (ትንሽ ቁስል) የሚሉት ይህ ውጤት ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ቆይቶ ይከስማል። ብዙ ተመራማሪዎች እንደ እንቅፋት ቆጥረው እስኪያልፍ ይጠብቁታል። በእኔ እምነት ግን ስለ በሽታው አሠራር የሚነግረን ነገር ከማነቃቂያው አያንስም።

የተለመደው ዒላማ ሳብታላሚክ ኒውክሊየስ ነው፤ በአንጎል ጥልቀት ውስጥ የሚገኝ፣ ርዝመቱ አንድ ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ የነርቭ ሕዋሳት ክምችት። ኤሌክትሮዱ በበኩሉ 1.3 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት አለው። ይህን ለሚያህል ጠባብ ቦታ ቀላል እንግዳ አይደለም፤ ሲገባ ሕብረ ሕዋሱን ገፍቶ ያልፋል፣ ዙሪያውንም ያሳብጣል። እ.ኤ.አ. በ1990 ማህለን ዴሎንግና ባልደረቦቹ ኤምፒቲፒ በተባለ መርዝ የፓርኪንሰን ምልክት ባሳዩ ጦጣዎች ላይ ይህን ክምችት ሲያጠፉት እንስሳቱ እንደገና መንቀሳቀስ ቻሉ። በግሬኖብል አሊም ሉዊ ቤናቢድና ፒየር ፖላክ እ.ኤ.አ. በ1987 ታላመስ በተባለ የአንጎል ክፍል የጀመሩትን ማነቃቂያ በ1993 ወደዚሁ ቦታ ያሻገሩት ያንን ግኝት ተከትለው ነው። ማይክሮሌዥንም የዴሎንግ ሙከራ ትንሽና ጊዜያዊ ቅጂ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለውጡ በኤሌክትሪክ ቅጂ ላይ ይታያል። በፓርኪንሰን ዶፓሚን የተባለው የአንጎል ኬሚካል ሲጎድል የዚህ ክምችት ሕዋሳት ከ13 እስከ 30 ኸርዝ በሚደርስ የቤታ ሞገድ ከመጠን በላይ ይተሳሰራሉ። ሌቮዶፓ የተባለው የፓርኪንሰን መድኃኒት ይህን ሞገድ ዝቅ ያደርገዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ በ130 ኸርዝ የሚሰጠው ማነቃቂያም እንዲሁ። በተከላው ሰሞን በራሱ በኤሌክትሮዱ የተወሰዱ ቅጂዎች እንደሚያሳዩት ደግሞ፣ ያለ መድኃኒትና ያለ ማነቃቂያም የቤታው ኃይል ከወትሮው ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ ከሳምንታት በኋላ ሲለካ ከፍ ብሎ ይገኛል። ሦስቱም መንገዶች፣ መድኃኒቱም ምቱም ቁስሉም፣ ወደ አንድ ቦታ ያመራሉ። ኤሌክትሮዱ ዶፓሚን አልጨመረም፤ የተበላሸውን ሞገድ ግን ሰበረ። ስለዚህ የእንቅስቃሴው ችግር በቀጥታ የሚመነጨው ከጉድለቱ ብቻ ሳይሆን ጉድለቱ በመረቡ ውስጥ ከሚፈጥረው ሥርዓት ነው።

የፕራግ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት ታካሚዎቹን ከተከላው በፊትና በኋላ፣ ማነቃቂያው ከመጀመሩ አስቀድሞ፣ በኤምአርአይ ማሽን ውስጥ አስተኝተው ጣታቸውን እንዲያንቀሳቅሱ አደረጉ። የእንቅስቃሴ ነጥባቸው ተሻሽሏል፤ በአንጎል ቅርፊትና ከሥሩ ባሉት የእንቅስቃሴ ማዕከላት የታየው የሥራ ምልክት ግን ቀንሷል። መጀመሪያ ሲሰማ ግራ ያጋባል። አንድ ሊሆን የሚችል ማብራሪያ፣ መረቡ ከእስሩ ሲፈታ ያንኑ ሥራ በትንሽ ጥረት መፈጸሙ ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው የኤምአርአይ ምርመራ የሚለካው የነርቭ ምትን ሳይሆን በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን ለውጥ ነው፤ የራስ ቅል የተበሳበት፣ እብጠት ያለበት አንጎል የደም ዝውውሩ ራሱ ሊዛባ ይችላል። የታካሚው ተስፋም ቀላል አይደለም፦ እ.ኤ.አ. በ2001 ከቫንኩቨር የወጣ፣ ፔት በተባለው የአንጎል ምስል የተደረገ ጥናት፣ የውሸት መድኃኒት ብቻውን በፓርኪንሰን ሕሙማን አንጎል ዶፓሚን እንደሚያስለቅቅ አሳይቷል። ቀዶ ሕክምናን የሚያህል ነገር ደግሞ ምን ያህል ተስፋ እንደሚያሳድር መገመት አያዳግትም። ሆኖም የቤታው ቅነሳ በቀጥታ ከሕዋሳቱ አጠገብ የተቀዳ በመሆኑ፣ ሁሉን ነገር በደም ዝውውር ማሳበብ አይቻልም።

ጉዳዩ ዛሬ ከንድፈ ሐሳብ አልፏል። የቤታውን ከፍታ እያነበበ ምቱን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ማነቃቂያ እ.ኤ.አ. በ2025 በአሜሪካ ፈቃድ አግኝቷል። መሣሪያው ሥራውን የሚጀምርበት የቤታ ወሰን በተከላው ሰሞን ቢቀመጥ፣ የተለካው በሽታው ሳይሆን ቁስሉ ያረገበው አንጎል ይሆናል። እብጠቱ ሲወርድ ሞገዱ ያንን ወሰን አልፎ ይወጣል፤ ወሰኑም እንደገና መስተካከል ይኖርበታል።