ቤተ ክርስቲያንና ዐጸዱ

የደብራችን አለቆች እነማን እንደ ነበሩ፥ ታቦቱም እንዴት እንደ ገባ ሌሎች በዚህ በኢዮቤልዩ መጽሔት ጽፈዋል። ለእኔ የደረሰኝ ስለ ሕንፃው እንድጽፍ ነው። ነገር ግን ብዕር ባነሣኹ ጊዜ ዐጸዱን ትቼ ግድግዳውን ብቻ መናገር አልቻልኹም፤ አባቶቻችን ቤቱንና ዛፉን እንደ ኹለት ነገር አድርገው አልያዟቸውምና።

ከጥንቱ ልጀምር። በትግራይ ያለው የደብረ ዳሞ ገዳም በ6ኛው መቶ ዓመት በአቡነ አረጋዊ እንደ ተመሠረተ ይነገራል። የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ድንጋይና እንጨት እየተፈራረቀ የተሠራ ነው። ረዣዥም እንጨቶች በግድግዳው ውስጥ ተጋድመዋል፤ በእነርሱ ላይ በወርድ የሚያልፉት አጫጭር ግንዶች ደግሞ ራሳቸው ወደ ውጭ ብቅ ብሎ ይታያል፤ ይኸውም የዝንጀሮ ራስ የሚባለው ነው። በአክሱም ሐውልቶች ላይ ክብ ክብ ኾኖ የተቀረጸው የዚሁ የእንጨት ራስ ምስል ነው። አሠራሩ ለጌጥ ብቻ የመጣ አይደለም። በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ብቻውን ቢቆም መሬት ሲነቃነቅ ይሰነጠቃል፤ እንጨት ግን ይጎብጣል እንጂ ቶሎ አይሰበርምና ድንጋዩን እንደ መቀነት ይይዘዋል። በአምባው ላይም መነኮሳቱ ከዐለት በተፈለፈለ ጉድጓድ የዝናም ውሃ ያጠራቅማሉ።

ይኸው አሠራር በ12ኛው መቶ ዓመት በላስታ በይምርሐነ ክርስቶስ ይገኛል። እርሱ በሰፊ ዋሻ ውስጥ የቆመ ስለ ኾነ ዝናም አይደርስበትም፤ ዋሻው ጃንጥላ ኾኖለታል። ከዚያ ብዙ ሳይርቁ ከዐለት የተፈለፈሉት የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ግን ሰማይ የተከፈተባቸው ናቸው። የፈለፈሏቸው ሰዎች ይኸን ዐውቀው ውሃው እንዳይተኛ ቦይ አበጅተውለት ነበረ። ከብዙ ዘመን በኋላ ዐለቱ ስለ ተሰነጠቀ በ2000 ዓ.ም. በአንዳንዶቹ ላይ ትልልቅ የብረት መጠለያ ተተከለባቸው። አገልጋዮቹም መጠለያው ራሱ ያሰጋናል ሲሉ ተሰምተዋል።

እንግዲህ ወደ ጎጃምና ወደ በጌምድር ልሻገር፤ ያደግኹበትና ቅኔ የቆጠርኹበት አገር ነውና። የዚያ አገር ቤተ ክርስቲያን ብዙውን ጊዜ ክብ ነው፤ በመካከል አራት ማዕዘን መቅደስ አለው፤ በመቅደሱ ዙሪያ ቅድስት፥ ከቅድስቱም ውጭ ቅኔ ማኅሌት አለ። የጣራው ሸክም በመቅደሱ ግድግዳና በምሰሶዎቹ ላይ ያርፋል። ምሰሶው ጥድ ነው፤ ጥድን ምስጥ ቶሎ አይደፍረውምና። መቃኑ ወይራ፥ መዝጊያው ዋንዛ ነው፤ ከበሮውም ከዋንዛ ይጠረባል። ማገሩ ከወጋግራው ጋር በሐረግ ይታሰራል። ለግድግዳው የሚኾነው ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር በእግር ተረግጦ እስኪቦካ ድረስ ብዙ ቀን ይተዋል። ሽታው መልካም አይደለም፤ ነገር ግን ቦክቶ የተለሰነ ጭቃ ሲደርቅ ስንጥቁ ጥቂት ነው። ክዳኑ ሰንበሌጥ ነው፤ ክፈፉም ዝናሙ ጭቃውን እንዳይልሰው ከግድግዳው ርቆ ይወጣል። በዚህ ኹሉ ውስጥ ከሩቅ አገር በጭነት የመጣ ነገር የለም።

ክዳኑ ሲያረጅ ይነቀልና በዛፎቹ ሥር ይጣላል። እኛ ተማሪዎች ቅኔ ስንቆጥር በዚያ በበሰበሰው ሣር ላይ እንቀመጥ ነበረ፤ ሞቃትና ለስላሳ ነውና። በዓመቱ በዚያው ስፍራ የወይራ ቡቃያ ወጥቶ አይቻለኹ። የኔታም ቡቃያውን የረገጠ ተማሪ ቢያገኙ ቅኔ ካበላሸው ይልቅ ይቈጡት ነበረ።

ሣር ክዳንን እንዲያው በከንቱ ላመሰግነው አልፈልግም። እሳት ይፈራል፤ አይጥ ይገባበታል፤ በየጊዜው መታደስ ይሻል፤ ሰንበሌጡ የሚታጨድበትም መስክ በብዙ ስፍራ ታርሶ አልቋል። ቆርቆሮ የወደደ ሰው ኹሉ ሞኝ አይደለም። እኔም ወድጄ ነበረ።

በጕልማስነቴ ባገለገልኹበት በአንድ ደብር ሣሩ ወርዶ ቆርቆሮ ይልበስ ተባለ። ገንዘብ ስላልበቃ ከዐጸዱ አንድ ዝግባና ኹለት ወይራ ተሸጡ። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኹት እኔ ነኝ፤ ስሜንም ከታች ፈርሜአለኹ። ቆርቆሮው በጥር ሲያበራ ሕዝቡ እልል አለ። ክረምት በገባ ጊዜ ግን ዝናሙ እንደ ነጋሪት እየመታው በማኅሌት የሚዘረፈውን ቅኔ ከአጠገባችን የቆመ እንኳ አልሰማውም። ይኸስ ይቻላል። የከፋው በብርዱ ወራት የመጣው ነው፤ ሌሊት ቆርቆሮው ይቀዘቅዝና የሰው ትንፋሽ ከበታቹ ውሃ እየኾነ ይንጠባጠባል፤ በሸራ የተሣለው ሥዕል ጠቈረ፥ ከግድግዳውም ለቀቀ። ሣር ዝናሙን እያለዘበ ያወርደው ነበረ፤ ቆርቆሮ ግን በአንድ ጊዜ ስለሚወረውረው ዛፎቹ በተቈረጡበት በኩል መሠረቱን የሚነካ ፈረፈር ወጣ። በጎንደር የደብረ ብርሃን ሥላሴን ሣር ክዳን ባየኹ ቍጥር፥ ከበታቹም የኪሩቤልን ፊት አንጋጥጬ በተመለከትኹ ቍጥር፥ ያ ፊርማዬ ትዝ ይለኛል።

ዐጸድ ለጥላ ብቻ የሚመስለው አለ። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የሚባሉ የደን ሊቅ በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ዐጸድ ውስጥ 168 ዐይነት ዛፍ፥ ቁጥቋጦና ሐረግ ቈጥረዋል። በዙሪያው ያለው አገር ታርሶ ባዶ ስለ ኾነ ከእነዚህ ብዙዎቹ ዘራቸው የቀረው በቅጥሩ ውስጥ ነው። በ1930 ዓ.ም. በጣልያን ወረራ ጊዜ ከአይሮፕላን የተነሣው ፎቶግራፍ ከዛሬው ጋር ሲተያይ ዐጸዶቹ በአብዛኛው በስፍራቸው እንዳሉ ይታያል። ነገር ግን ከዳር ብቻ አይቶ መደሰት አይገባም፤ ከብት በሚገባበት ዐጸድ ቡቃያው እየተረገጠ የሚቀረው ሽማግሌ ዛፍ ብቻ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍም ቶሎ ስለሚደርስና ስለሚሸጥ በብዙ ደብር የአገሩን ዛፍ ስፍራ ወስዷል። ዶክተር ዓለማየሁና አሜሪካዊቷ የደን ሊቅ ማርጋሬት ሎውማን ከካህናቱ ጋር መክረው ዐጸዶቹን በካብ ማጠር ጀመሩ። ለካቡ የሚኾነው ድንጋይ ከእርሻው ይለቀማል፤ ስለዚህ ገበሬው ማሳው ይጠራለታል፥ ቡቃያውም ከከብት ይድናል። ይኸን በሰማኹ ጊዜ ደስ አለኝ፤ ካብ መካብ ከእኛ ዘንድ የማይጠፋ ዕውቀት ነውና።

ይኸን ኹሉ ያነሣኹት ለኢዮቤልዩው መታሰቢያ በቅጥራችን ሊሠራ ስለ ታሰበው የጉባኤ ቤት ነው። የመጀመሪያው ንድፍ ከመሠረት እስከ ጣራ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ነበረ፤ ሦስት ወይራም ያስቈርጥ ነበረ። እኔም ለሕንፃ ኮሚቴው ያመለከትኹት ይኸ ነው፤ መሠረቱ ድንጋይ ይኹን፥ ግድግዳው ከጭድ ጋር የቦካ ጭቃ ይኹን፥ ክፈፉ ይርዘም። ቆርቆሮውን ተቀብያለኹ፤ ነገር ግን ከበታቹ የቀርከሃ ኮርኒስ ይደረግና በመካከሉ ሣር ይጎዝጎዝበት፤ ድምፁንም ብርዱንም ይከለክላል። ከጣራው የሚወርደው ውሃ በአሸንዳ ወደ ጉድጓድ ይግባ፤ በበጋ ለቡቃያው ይጠጣል። ባለ ሙያው ሰው ትዕግሥተኛ ኾኖ አደመጠኝ፤ ገመዱንም ነቅሎ ወደ ምሥራቅ አራት ክንድ ባዛወረው ጊዜ ኹለቱ ወይራዎች ከውጭ ቀሩ። ስለ ሦስተኛይቱ ግን ይኸ መጽሔት ወደ ማተሚያ ቤት እስኪሄድ ድረስ ተከራክረን አልጨረስንም።