የካርድ ካታሎግ መሳቢያ
እንጨት፣ ብረት፣ ወረቀት

የካርዶቹ ጫፍ ከጣት ብዛት ወይቧል፤ ከሥር በቀዳዳቸው ያለፈው ዘንግ ተራቸው እንዳይዛባ ይይዛቸዋል። ከእንጭኒም ሆነ ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ተማሪ ከኮምፒውተር በፊት መጽሐፍ የሚፈልገው በእንዲህ ዓይነቱ መሳቢያ ነበር። ኢትዮጵያውያን ደራስያን የተደረደሩት በአባት ስም ሳይሆን በራሳቸው ስም ነው፤ ሀዲስ ዓለማየሁ «ሀ» ላይ ይገኛሉ።

የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ስብስብ መነሻ በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነው። በ1954 ዓ.ም. የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲው ሲሰጥ ቤተ መጻሕፍቱም ሰፋ፤ በኋላ በአሜሪካ ድጋፍ የኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ተገነባ። ስለ ኢትዮጵያ የተጻፉትን ያሰባሰበው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ነው፤ ፖላንዳዊው ስታኒስላው ኾይናትስኪ የተቋሙ ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም ኃላፊ ነበሩ።