«ቁርስ በልተሃል?»

ጭሮን፣ በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪን፣ የቆረቆሯት በሩሲያ የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። በ1910ዎቹ ከተማዋ ያለችበትን ጨርጨርን ለሌላው አገር አርአያ የሚሆን ግዛት ለማድረግ ደክመዋል። በ1920ዎቹ ደግሞ አውራጃውን እንዲገዙ የተሾሙት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ፤ ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በሕፃንነታቸው ተወስደው ሕንድ ያደጉ፣ እዚያው ሕክምና የተማሩ፣ በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትም በኃላፊነት ያገለገሉ። ሐኪምነትንና አስተማሪነትን አጣምሮ የያዘ ገዥ ያገኘ አገር ብዙ አይደለም።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ሁለቱ ሙያዎች ለየቅል ሄዱ። በ1940ዎቹ የመምህራን ማሠልጠኛ ሐረር ላይ፣ በ1947 ዓ.ም. ደግሞ የጤና ኮሌጅ ጎንደር ላይ ተቋቋመ። መምህሩ ጠመኔውን፣ ጤና ባለሙያው መርፌውን ይዞ በየፊናው ተሰማራ።

መልሰው ያገናኟቸው ብልሃርዚያና የሆድ ትል ናቸው። በ2008 ዓ.ም. በአገር ደረጃ በተጀመረው ዘመቻ መድኃኒቱ የሚታደለው በትምህርት ቤት ነው። ልጁ ምልክት ካለበት ዘንግ ጎን ይቆማል። መምህሩ ቁመቱን አይቶ የብልሃርዚያው መድኃኒት ፕራዚኳንተል ስንት ፍሬ እንደሚገባው ያውቃል። እንክብሉ በባዶ ሆድ ስለሚከብድ ግን አስቀድሞ ይጠይቃል፦ «ቁርስ በልተሃል?»

ልጁ አንገቱን ይደፋል።

እዚህ ላይ ዘንጉ አይረዳም። ዘመቻው የተጀመረበት ዓመት ደግሞ ድርቅ ጭሮ ያለችበትን ምዕራብ ሐረርጌን ክፉኛ የጎዳበት ነበር። ሳይበላ የመጣውን፣ ዓይኑ በትራኮማ ቀልቶ ሰሌዳው አልታይ ያለውን፣ ጫት ሲያስር አምሽቶ ዴስኩ ላይ የሚያንቀላፋውን ሁሉ «ደካማ ተማሪ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። የትምህርት ቤት ጤናና ሥርዓተ ምግብ ስትራቴጂ በ2005 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ጥሩ ሰነድ ነው። ልጁን በየማለዳው የሚያየው ግን መምህሩ ነው፤ ማየት ደግሞ ሥልጠና ይፈልጋል።

ስለዚህ የጭሮ መምህራን ኮሌጅን አንድ ነገር እለምናለሁ። እጩ መምህራን በገለምሶ፣ በሂርና፣ በበዴሳ ለልምምድ ሲሰማሩ አንዱን ሳምንት በጤና ጣቢያ ያሳልፉ። የታመመ ዓይን ቆብ ሲገለበጥ አጠገብ ቆመው ይዩ። የተራበን ልጅ ወላጅ በአፋን ኦሮሞ፣ ሳያሳፍሩ ማነጋገርን ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይማሩ። የታመመ ተማሪ ሲገጥማቸው ለማን እንደሚደውሉም ይወቁ። ይህ አዲስ ሕንፃ አያስፈልገውም፤ በኮሌጁና በጤና ጽሕፈት ቤቱ መካከል አንድ ደብዳቤ ይበቃዋል። ደብዳቤው በዚህ ዓመት ይጻፍ።